የበገናው ጥዝዝታ ብልሽት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አጠገብ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። በርና መስኮት፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን እሠራለሁ። ለጋዜጣ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈውም ስለ አምስት ወጣቶች ነው። የድሮ ሙዚቃ ይጫወታሉ። የድሮ ስል የአባቶቻችን ዘመን ዘፈን ማለቴ አይደለም። የዐፄ ዓምደ ጽዮንና የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ማለቴ ነው፤ ከአምስት መቶ እስከ ሰባት መቶ ዓመት ወደኋላ።

ስም የላቸውም። ሰፈሩ «የበገና ልጆች» ይላቸዋል። በገና የምትደረድረው ነርስ ናት። ማሲንቆ የሚጫወተው የጎንደር ልጅ ነው፤ ሙያውን ያገኘው ከአባቱ ነው፤ ቀን ቀን ጂፕሰም ይሠራል። ዋሽንት የሚነፋው ባጃጅ ይነዳል። ክራር የያዘው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። አምስተኛው፣ ከበሮ የሚመታው፣ ጥበቃ ነው። ይህ ልጅ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ድጓ ተምሯል። አሁን ሌሊት የአንድ ሕንፃ በር ይጠብቃል፤ ቀን ደግሞ ለጓደኞቹ የግዕዙን ቃል ይፈታላቸዋል።

ያወቅኳቸው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ነርሷ ከሥራ ወጥታ በነጠላ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ተሸክማ መጣች። ሕፃን የታቀፈች ነበር የመሰለኝ። ስትገልጠው በገና ነው። «ጋሼ፣ ቀንበሩ ተሰነጠቀብኝ» አለችኝ። ቀንበር የሚባለው ላይኛው አግዳሚ እንጨት ነው፤ አውታሮቹ የሚጠመዘዙበት። ታክሲ ውስጥ ነው የተሰነጠቀው። በገና ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚረዝም ከመገናኛ እስከ አባዶ የሁለት ሰው ሒሳብ ትከፍልበታለች። ያን ቀን ግን ሰው በዝቶ በሩ ላይ ተቀረቀረ።

ተቀበልኳት። የበገና ሥራ አላውቅም ነበር። እንጨት ግን አውቃለሁ። ገበቴው፣ ማለትም ታችኛው ሣጥኑ፣ ዋንዛ ነው፤ ሲፋቅ በጠረኑ ለየሁት። ቆዳው እርጥብ እያለ ተወጥሮ ተሰፍቶ ስለደረቀ እንደ ከበሮ ጠንክሯል። አዲስ ቀንበር ከወይራ አወጣሁለት። አሥሩ አውታሮች የሚጠመዘዙባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ በመሮ አስተካከልኩ። በዚህ ሥራዬ እስከ ዛሬ አላፍርም።

ጥፋቴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አውታሮቹ ገበቴው ላይ የሚያርፉበት በርኩማ የሚባል እንጨት አለ። በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል ቁራጭ ቆዳ ተሸጉጧል። አሥሩም ቁራጮች በላብና በእጅ ቅባት ጠቁረዋል። አውታሩ እንጨቱን እንዳይበላው ለጊዜው የተደረገ ጨርቅ ቢጤ መሰለኝ። አወጣኋቸው። በርኩማውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ አለሰለስኩት። ቁራጮቹን ከፍቅፋቂው ጋር ወደ ማዳበሪያው ከረጢት ጠረግኳቸው። ንጹሕ ሥራ ሠራሁ ብዬ ነበር።

ልጅቷ መጥታ ቀንበሩን ዳበሰችው፤ ደስ አላት። ተቀመጠች። በግራ እጇ ጣት አንዱን አውታር ነካችው። ድምፁ ቀጭንና ደረቅ ሆነ፤ የልብስ ማስጫ ገመድ የነካች ያህል። ሁለተኛውን ነካችው፤ ያው ነው። ቀና ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ ድምፁ የት ሄደ?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እነዚያ ቆዳዎች እንዚራ ይባላሉ። የበገና ድምፅ ማለት እነሱ ናቸው። አውታሩ ሲመታ ጫፉ እንዚራው ላይ ይርገበገባል፤ ያኔ ነው ያ እንደ ንብ ቀፎ ጥዝዝ የሚለው ድምፅ የሚወጣው። ያለ እንዚራ በገና የለም። ይህን ያወቅኩት ከረጢቱን መሬት ላይ ዘርግፈን ሁለታችን ፍቅፋቂ ውስጥ ስንፈልግ ነው። ሰባቱን አገኘን። ሦስቱን ከቁራጭ ቆዳ እኔ ቆረጥኩላት። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን እኔ አልችልም፤ ተቀምጬ አየሁ። እንዚራውን በጥፍሯ ጫፍ የፀጉር ያህል ወደፊት ትገፋዋለች፤ አውታሩን ትነካለች፤ ታዳምጣለች። መልሳ ወደኋላ ትስበዋለች። አንዱ አውታር ብቻ ግማሽ ሰዓት የፈጀበት ጊዜ አለ። መሸ። አምፖል አበራሁ። በመጨረሻ ወፍራሙ አውታር ተነሣ። እጄ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ድምፁ በእንጨቱ በኩል መጥቶ መዳፌ ውስጥ ገባ። ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ያሉት ምስማሮች ሳይቀሩ አብረው ተንቀጠቀጡ። 58 ዓመቴ ነው፤ በገና በሬዲዮ በየጾሙ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ራሴ ለማውራት ብዬ አይደለም። እኔ ያደረግኩትን ስህተት ሌላው ሰው በየቦታው ሲያደርገው ስላየሁ ነው።

ልጆቹ በዚህ ዓመት ከተማ ውስጥ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ እንዲጫወቱ ተጋበዙ። እኔም ዕቃ አጋዥ ሆኜ ሄድኩ። የድምፅ ባለሙያው ወጣት ነው፤ ትሑት ልጅ። ለበገናው ማይክ አቀረበለት። ጥዝዝታው በስፒከሩ ሲወጣ ደነገጠ። ገመዱ የተበላሸ መሰለው። ገመድ ቀየረ። አሁንም ጥዝዝ አለ። ከዚያ ማሽኑ ላይ የሆነ ነገር አጠፋፍቶ ድምፁን «አጸዳው»። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው የሰማው እኔ ጥቅምት ላይ የሰማሁትን ያንን የልብስ ማስጫ ገመድ ነው። ሰው አጨበጨበ። ልጅቷ መድረክ ላይ ሆና ወደ እኔ አየች። ምን እንዳሰበች አውቄያለሁ።

ቀጥሎም አዘጋጆቹ ከኋላ ኪቦርድ እንዲገባ ጠየቁ። «ወጣቱ እንዳይሰለቸው» ነው ምክንያታቸው። ማሲንቆ የሚጫወተው ልጅ በትሕትና አይሆንም አለ። ሁለተኛ አልተጠሩም።

እኔ የምለው ይህን ነው። ይህ ሙዚቃ የተሠራው በቅርብ ለሚቀመጥ ሰው ነው። በገና የአዳራሽ ዕቃ አልነበረም። በመኳንንቱ ቤት፣ በሊቃውንቱ ጎጆ፣ ሰው በጸጥታ ለብቻው ወይም ከቤተሰቡ ጋር የሚጸልይበት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሣሉ የብራና ሥዕሎች ላይ ንጉሥ ዳዊት በገናውን ታቅፎ ይታያል። ጥበቃው ልጅ ፎቶውን በስልኩ አሳየኝ። ዳዊት ተቀምጧል፤ በገናው ደረቱ ላይ ነው። ልጃችን እዚህ እንጨት ቤት ውስጥ የምትቀመጠው ልክ እንደዚያ ነው። ከደረት የሚወጣ ድምፅ ከሦስት ሜትር በላይ ሲርቅ ሌላ ነገር ይሆናል። ማይክ የሚያስፈልገው አዳራሹ ስለተለቀ ነው፤ በገናው ስለደከመ አይደለም።

ክራር የሚጫወተው ተማሪ ደግሞ አንድ ነገር አሳየኝ። አውሮፓ ውስጥም የእነሱን የመካከለኛ ዘመን ሙዚቃ የሚጫወቱ ትንንሽ ቡድኖች አሉ። የ15ኛው ክፍለ ዘመን የእነሱ በገና፣ ሃርፕ የሚሉት፣ እያንዳንዱ አውታር ሥር ጠማማ የእንጨት ችካል አለው። ችካሉ አውታሩን ጫፉ ላይ ይነካዋል። ለምን ቢሉ፣ ጥዝዝ እንዲል! በኋላ ዘመን ሰዎቹ ያንን ድምፅ ጠሉትና ችካሎቹን ተዉአቸው። አሁን የድሮውን ሙዚቃ የሚያነሡት ልጆች ናቸው መልሰው እየሠሩ ያስገቧቸው። ቪዲዮውን ሳይ ዝም ብዬ ቀረሁ። እነሱ የጣሉትን ለመመለስ ይደክማሉ። የኛው እንዚራ ገና እጃችን ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ «እናጽዳው» እንላለን።

እዚያው አውሮፓ አርኖልድ ዶልሜች የሚባል ሰው ነበር ብሎ ነገረኝ። በ1858 እ.ኤ.አ. ተወለደ፤ የፒያኖ ሠሪ ልጅ ነው። ሙዚየም ውስጥ አቧራ የጠጡ የድሮ መሣሪያዎችን እያየ በእጁ ይሠራ ነበር። በእንግሊዝ ሃዝልሚር በምትባል ትንሽ ከተማ መሥሪያ ቤቱን ከፍቶ፣ በ1925 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚያው በየዓመቱ የሚደረግ የሙዚቃ በዓል ጀመረ። ዋና ከተማ ውስጥ አይደለም፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። መጋዝና መላጊያ የያዘ ሰው የሠራው ሥራ ስለሆነ ልቤ ወደደው።

እኛም ሰው አጥተን አናውቅም። ከዚህ ቀና ብዬ ከማየው የእንጦጦ ተራራ ላይ ነው መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በልጅነታቸው ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገና የተማሩት። ከጎረቤት! በኋላ ራሳቸው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ደርግ መጣና በገና ከሬዲዮ ጠፋ፤ የትምህርት ቤቱም የበገና ክፍል ተዘጋ። በገና የተረፈው በየቤቱ ነው፤ አንድ መምህርና አንድ ተማሪ ፊት ለፊት ተቀምጠው። ዛሬ ደግሞ ጾም ሲገባ በየጣቢያው ይሰማል፤ ፋሲካ ሲያልፍ ጸጥ ይላል። ልጆቹ ግን ከጾሙም በኋላ አላቋረጡም፤ እኔም በዚህ እደግፋቸዋለሁ።

ሌላ የምወድላቸው ነገር አለ። አይዋሹም። ብዙ ሰው «ጥንታዊ ነው» ብሎ ትናንት የተሠራ ዜማ ይሰጠናል። እነዚህ ልጆች እያንዳንዱን ከመጫወታቸው በፊት የቱ አሮጌ፣ የቱ አዲስ እንደሆነ ይናገራሉ። ለምሳሌ የነገሥታቱ ዘመን ወታደሮች ለንጉሦቻቸው የዘፈኗቸው የአማርኛ ግጥሞች አሉ። ለዐፄ ዓምደ ጽዮን፣ ለዐፄ ይስሐቅ፣ ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተባሉ ናቸው። በአማርኛ ከተጻፉ ነገሮች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። ኢግናዚዮ ጉዊዲ የሚባል ጣሊያናዊ ሊቅ በ1889 እ.ኤ.አ. አሳትሟቸዋል። ቃሉ ተርፏል፤ ዜማውን ግን የጻፈው የለም። ማሲንቆ የሚጫወተው ልጅ ቆም ብሎ «ቃሉ የአያቶቻችን አያቶች ነው፤ ዜማው የኔ ነው፤ ከአባቴ አጨዋወት ወስጄ ነው የሠራሁት» ይላል። ከዚያ ይጀምራል። አማርኛው ግማሹ አይገባም። የገባው ግማሽ ግን ያስደነግጣል፤ የራስ ቋንቋ ከሩቅ ሲጠራ መስማት ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ ዜማ ግን ሌላ ነው። ጥበቃው ልጅ በዚህ ጥብቅ ነው። «የመቅደሱን በመቅደሱ» ይላል፤ በእንጨት ቤት ማኅሌት አይቆምም። የሚያደርገው ማስረዳት ነው። አንድ ቀን ከቃሉ በላይ የሚጻፉትን ጥቃቅን ፊደላትና ምልክቶች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ አሳየን። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ያስጀመረው ዜማ እንዳይጠፋ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቱን እንዳደራጁት ይነገራል። አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ እጁን አውጥቶ «እኛ ኖታ ነበረን እንዴ?» አለ። ከኔ ጎን ነው የተቀመጠው። ጥበቃው ሳቅ አለና «አለን» አለው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ።

ልጆቹ ይለማመዱ የነበረው አንድ ሳይት ውስጥ ባለ ኮሚናል ነበር። ኮሚናል ለማያውቅ አንባቢ፣ ነዋሪው ለለቅሶ፣ ለእርድ፣ ለልብስ አጠባ እንዲጠቀምበት ከብሎኮቹ ጎን የሚሠራ የጋራ ሕንፃ ነው። ፎቁ ላይ ያለው ክፍል ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮንክሪት ነው። ከ40 የማይበልጥ ሰው ይይዛል። ለበገና ከዚያ የተሻለ ቦታ በከተማው ሁሉ ያለ አይመስለኝም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ይጫወታሉ፤ ሰው ልጁን ይዞ ይመጣል። ቡና አለ። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ከደርዳሪዋ በሁለት ክንድ ርቀት ይቀመጣሉ።

የማልረሳው አንድ እሑድ አለ። የወሎ እናት ናቸው፤ ሙስሊም። ከአራተኛ ፎቅ ድምፁን ሰምተው ወረዱ። በር ላይ ቆሙ። «ግቡ እንጂ እማማ» አልናቸው። ገብተው በገናውን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያልቅ «ይኼ እንደ መንዙማ ሆድ ይበላል» አሉ። ልጅቷ «እስቲ እርስዎም ይበሉልን» አለቻቸው። ትንሽ ዝም አሉ፤ ከዚያ ሻሻቸውን አስተካክለው ከእናታቸው የሰሙትን መንዙማ ጀመሩ። ከበሮ የሚመታው ልጅ ከበሮውን አልነካም፤ በመዳፉ ብቻ ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። ድምፃቸው ያረጀ ነው፤ ይሰበራል። ከ30 ሰው አንድም ስልክ ያወጣ አልነበረም። በማግስቱ እንጀራ ጋግረው ለልጆቹ ላኩ።

ያ ክፍል ከገና በኋላ ለዕቃ ማስቀመጫ ተከራየ። ኮሚቴው ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ የሊፍትና የጥበቃ ወጪ አለ፤ ይገባኛል። ማንንም ለመክሰስ አልጻፍኩም። ሳምንቱን ሙሉ ይከራይ፤ እሑድ ከ9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ብቻ ለልጆቹ እንዲተው ለምነን ነበር። ዕቃው በአንድ በኩል ቢደረደር እንኳን ይበቃቸዋል። መልስ አላገኘንም።

አሁን የሚጫወቱት እኔ ጋ ነው። እሑድ መጋዙን አጠፋለሁ፤ ፍቅፋቂውን እጠርጋለሁ፤ ያላለቁ በሮችን ግድግዳ ላይ አስደግፋለሁ። ያላለቀ አልጋ ካለ አግዳሚ ይሆናል። 25 ሰው ከተጠጋጋ ይቀመጣል። እስካሁን ደህና ሄደናል።

ችግሩ የኔ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ይህን የምጽፈው ግንቦት ላይ ነው። ባለፈው እሑድ ገና ሦስተኛውን ሲጀምሩ ዝናብ መጣ። ልጅቷ መደርደሯን አላቆመችም፤ ጣቶቿ ሲሄዱ እናያለን፤ የምንሰማው ግን ቆርቆሮውን ብቻ ነው። እርጥበቱም አንጀቱን ያላላዋል። አውታሮቹ የበግ አንጀት ናቸውና በክረምት ቅኝት አይዙም፤ ደረቅ ክፍል ይፈልጋሉ። ናይለን ቢሆን ይሻላል የሚሉ አሉ። ልጅቷ ሞክራዋለች፤ አልወደደችውም። እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ከእንዚራው ጋር አይስማማም።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል የየሳይቱን የነዋሪዎች ማኅበራት እለምናለሁ። የካ አባዶ ብቻ አይደለም። ቱሉ ዲምቱም፣ ኮዬ ፈጬም፣ ጀሞም ኮሚናል አለ፤ አንዳንዱ ተዘግቶ የተቀመጠ ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት ፍቀዱ። መድረክ አንፈልግም፤ ስፒከር አንፈልግም፤ መብራትም ቢጠፋ ሻማ አለን። የኮንክሪት ጣሪያና የሚዘጋ በር ይበቃል። ወንበር ከጎደለ እኔ እሠራለሁ፤ የእጅ ዋጋ አልጠይቅም፤ እንጨቱን ብቻ ቻሉ።

ዝግጅት ክፍላችሁንም አንድ ነገር ልጠይቅ። ስለ ባህል ሙዚቃ ስትጽፉ የአዳራሹን ድግስ ብቻ አትዩልን። አንድ እሑድ ጋዜጠኛ ላኩ። በ9 ሰዓት ይድረስ፤ ፊት ረድፍ ላይ፣ ከመሥሪያ ጠረጴዛው አጠገብ ቦታ እንይዝለታለን። እጁን እንጨቱ ላይ ያድርግ። ሰኔ ሳይገባ ቢሆን ጥሩ ነው።

አክባሪያችሁ፣
እንጨት ሠሪው፤ ከየካ አባዶ